ቱቦ የሌላት ከተማ

ሻሸመኔ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ ቶሎ የሚመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መንገድና ጋንጃ። መንገዱ አያከራክርም። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚህ የደረሰ መንገደኛ ከፈለገ ወደ ሐዋሳና ሞያሌ ይቀጥላል፣ ከፈለገ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ባሌ ይገባል፣ ካልሆነም በአላባ በኩል ወላይታ ሶዶን ይዞ አርባ ምንጭ ይወርዳል። ጋንጃው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የማያወራው የለም፤ የለካው ግን አልተገኘም።

ወሬው ከየት እንደተነሳ ማንም ይገምታል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ከሻሸመኔ ዳር 500 ኤከር መሬት ሰጡ። ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ራስ ተፈሪያውያን በዚያ ሰፈሩ፤ ሰፈሩም ጃማይካ ሰፈር ተባለ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ ይዞታው እጅግ ጠበበ፤ ስሙ ግን አልጠበበም። ለራስ ተፈሪያውያን ዕፁ የጸሎት አካል ነው፤ ለአገሪቱ ሕግ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚያስቀጣ ነገር ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሪፖርትም የሻሸመኔ ዙሪያ ካናቢስ የሚመረትበት አካባቢ ተብሎ በተደጋጋሚ ተጠቅሷል። እንዲህ ሲሆን ሲሆን በገጠሩ የሚያመርተው ገበሬ፣ በመንገዱ የሚያሳልፈው ነጋዴ፣ ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚገዛው ወጣትና በሰፈሩ የሚጸልየው ሽማግሌ አንድ ላይ ተጠቅልለው ‘የሻሸመኔ ጉዳይ’ ሆኑ።

ታዲያ እውነቱን እንወቅ ብንል የምናውቅበት የተለመደው መንገድ ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ስለ ጫት እንዲሁ ሲጠይቅ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 12 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 27 በመቶ የሚሆኑት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ጫት ሕጋዊ ነው፤ ግብር ይከፈልበታል፣ ወደ ውጭ ይላካል። ይህም ሆኖ አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ የምትጠየቅ ሴት ምን እንደምትመልስ መገመት አያዳግትም። በጫቱ እንዲህ ከሆነ፣ አንቀጽ 525 ላለበት ነገር ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ በር ያንኳኳ እንግዳ ምን ሊያገኝ ነው?

ሽንት ግን አይዋሽም። የተበላውና የተጠጣው ሁሉ በጉበት ተለውጦ፣ በኩላሊት ተጣርቶ፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ይወጣል። ይህን ከሰው ወደ ከተማ ያሻገረው ሐሳብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ያቀረበውም ክርስቲያን ዶተን የተባለ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኬሚስት ነበር። መድኃኒት ከሰው ሰውነት ወጥቶ ወንዝ ውስጥ መገኘቱ በዚያን ጊዜ ታውቆ ነበር። ዶተን ነገሩን ገልብጦ አየው፤ ከወንዙ ተነስተን ወደ ሰዉ ብንመለስስ አለ።

ሐሳቡን በተግባር ያሳዩት ጣሊያኖች ናቸው። በሚላን የማሪዮ ኔግሪ ተቋም ተመራማሪ ኤቶሬ ዙካቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከፖ ወንዝ ውሃ ቀድተው ኮኬይንና ቤንዞይልኤክጎኒን የሚባለውን የኮኬይን ተረፈ ምርት ለኩ። ቤንዞይልኤክጎኒን የሚፈጠረው በዋናነት ኮኬይን በሰው ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ነው፤ ስለዚህ ወንዙ ውስጥ ከተገኘ የሆነ ሰው ወስዶታል ማለት ነው። 5 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርበትን ተፋሰስ የሚያጥበው ፖ በየቀኑ የ4 ኪሎ ያህል ኮኬይን ምልክት ተሸክሞ ይፈስ ነበር። ይህ ወደ 40,000 የአንድ ጊዜ መውሰጃ ይተረጎማል፤ በቀን። መንግሥት በዳሰሳ ጥናት ይዞት የነበረው ቁጥር ደግሞ በወር 15,000 ነበር።

ስሌቱ ራሱ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው ማለት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንዲት ከተማ እናስብ፤ 50,000 ሰዎች ፍሳሻቸውን በአንድ ቱቦ ወደ አንድ ማጣሪያ ይልካሉ፤ በቀን የሚገባው 5 ሚሊዮን ሊትር ነው። ከዚያ ተቀድቶ በተመረመረው ውሃ ውስጥ በሊትር 400 ናኖግራም ቤንዞይልኤክጎኒን ተገኘ እንበል። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። 400 በ5 ሚሊዮን ሲባዛ 2 ቢሊዮን ናኖግራም፣ ማለትም 2 ግራም ይሆናል። ለ50,000 ሰው ሲከፋፈል በሺህ ሰው 40 ሚሊግራም ይደርሳል። ከተወሰደው ኮኬይን በዚህ መልክ በሽንት የሚወጣው ከሲሶ ትንሽ ያነሰ ስለሆነ ተመራማሪዎች በ3.59 ያባዙታል፤ 144 ሚሊግራም ይመጣል። አንድ መውሰጃ 100 ሚሊግራም ከሆነ፣ በዚያች ከተማ በዚያ ቀን ለሺህ ሰው አንድ ተኩል ያህል ተወስዷል ማለት ነው። ማን ወሰደው፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ነው ወይስ ሁለት ሰዎች እየተካፈሉ፣ ቱቦው አይናገርም።

የሚከብደው ከስሌቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ተጎንብሶ በጠርሙስ መቅዳት አይበቃም፤ የጠዋቱ ሽንት ከሌሊቱ ይለያል። ስለዚህ በማጣሪያው መግቢያ ላይ የሚቆም፣ በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ እየሳበ ለ24 ሰዓት የሚያጠራቅም፣ ውስጡ እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ መሣሪያ አለ። ይህ ለ7 ተከታታይ ቀናት ይደረጋል። ቤተ ሙከራ ሲደርስ ቆሻሻው ይጣራል፤ ውሃው ዕፁን በሚይዝና ሌላውን በሚያሳልፍ ትንሽ ማጣሪያ ቱቦ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ያልፋል፤ የተያዘው በጥቂት ጠብታ አልኮል ታጥቦ ይወጣና ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ይገባል። ይህ መሣሪያ እያንዳንዱን ሞለኪውል በክብደቱ ይለየዋል፤ ሰብሮም ስብርባሪውን ይመዝናል። ጭቅጭቅ የማይቀበል ምስክር ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው።

አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2011 በ19 ከተሞች ጀምረው በ2024 128 ከተሞች ደርሰዋል። ኮኬይንና ኤክስታሲ በብዙዎቹ ከተሞች ከዓርብ እስከ ሰኞ ከፍ ይላሉ፤ ካናቢስ ግን ሳምንቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ግማሽ ያህሉን ሕዝቧን በዚህ መንገድ ትከታተላለች። ቁጥሩ ያሳሳተበትም ጊዜ አለ። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ኤክስታሲ በድንገት ሰማይ ነካ። ከተማው አብዶ አልነበረም፤ ፖሊስ በአካባቢው አንድ ሕገ ወጥ ማምረቻ ሲወርር ዕቃው ወደ ፍሳሽ ተደፍቶ ነው። ይህ የታወቀው ሞለኪውሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የግራና የቀኝ መልኩ ሚዛን ስለሚለወጥ ነው፤ የዩትሬክቱ አልተለወጠም ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ የምወደው ይህን ታሪክ ነው፤ ሞለኪውሉ ‘እኔን የዋጠኝ የለም’ ብሎ መመስከሩን።

ከዕፆች ሁሉ አስቸጋሪው ደግሞ ሻሸመኔ የምትታማበት ነው። የካናቢስ ምልክት የሚለካው ቲኤችሲ ካርቦክሲሊክ አሲድ በሚባል ተረፈ ምርት ሲሆን በሽንት የሚወጣው ከተወሰደው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ግማሽ በመቶ ነው ካልን የተገኘውን በ200 እናባዛለን፤ 0.6 ነው ካልን በ167። በዚህች ልዩነት ብቻ የከተማው ቁጥር በአንድ አምስተኛ ያህል ይወጣል ይወርዳል። በዚያ ላይ ውሃ አይወድም፤ ስብ ስለሚወድ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር ይጣበቃል፣ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ናሙና እንዳይበላሽ ተብሎ አሲድ ሲጨመርበት እንኳ ይባስ ይጠፋል። ሌሎቹ ዕፆች በአሲድ ይጠበቃሉ፤ እሱ በአሲድ ይሸሻል።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን ሻሸመኔ እንግባ። ከተማዋ ሽንቷን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ የሚወስድ የፍሳሽ መስመር የላትም። በዚህ የተለየች አይደለችም፤ አዳማም ዝዋይም፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው የአገሪቱ ከተማ ባብዛኛው እንዲሁ ነው። ቤቱ ጉድጓድ አለው፤ ሻል ያለው ሴፕቲክ ታንክ አለው፤ ሆቴሉና ፎቁ ትልቅ ሴፕቲክ አለው። በመንገዱ ዳር ያለው ቦይ የዝናብ ነው፤ ልብስ የታጠበበት ውሃና አንዳንዴ ሌላ ነገር በድብቅ ይጨመርበታል እንጂ የከተማው ሽንት መሄጃ አይደለም።

ጉድጓድ ምን ያደርጋል? የስምጥ ሸለቆው አፈር ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው፤ በብዙ ቦታ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውሃ የሚመጥ ነው። ሽንቱ ወደ ጎንና ወደ ታች ይሰርጋል፤ ጠጣሩ ይቀራል። ስሌቱ ከጠየቃቸው ሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም ከውሃው ውስጥ ያለው መጠን፣ በቀን የሚፈሰው ውሃና ከቱቦው ጫፍ ያለው ሕዝብ፣ ሁለቱ እዚህ የሉም። የቀን ፍሰት የለም፤ ምክንያቱም የሚፈስ ነገር የለም። የተቆጠረ ሕዝብም የለም፤ አንዱ ጉድጓድ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ሌላው የስድስት ተከራይ፣ ሌላው የምግብ ቤት ደንበኛ ሁሉ።

ከሽንት ቤት መምጠጫ መኪናው እንቀዳ የሚል ይኖራል። መኪናው የብዙ ቤት ጉድጓድ እየዞረ ስለሚሰበስብ ለቱቦ በጣም የሚቀርበው ነገር እርሱ ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ያየ ሰው ግን ችግሩ ይገባዋል። ወፍራሙ ቱቦ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ከላይ ያለው ቀጭኑ ወዲያው ይሳባል፤ ከታች ያለው ግን ለዓመታት ረግቶ ጭቃ ሆኗልና አልሳብ ይላል። ስለዚህ ውሃ ይደፉበታል፣ በእንጨት ያማስሉታል፣ እንደገና ይስባሉ። የተደፋው ውሃ ስንት ጀሪካን ነው? የሚመዘግብ የለም። የተሳበው ዝቃጭስ የመቼ ነው? ያለፈው ሳምንትና ያለፈው ዓመት ተደባልቀውበታል። በአየር አልባው ጨለማ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም፤ ብዙዎቹን ሞለኪውሎች በልተዋቸዋል። ጠጣር የሚወደው የካናቢስ ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ በዝቃጭ ውስጥ የመቆየት ዕድል አለው፤ ኮኬይንንና ሌላውን ግን ከዚያ ፈልጎ መጠኑን መናገር የማይሆን ነው። የካናቢሱም ቢሆን ‘አለ’ ይላል እንጂ ‘በቀን ይህን ያህል’ አይልም። እንዳለማ ያለ ጥናትም ይታወቃል።

ቱቦውስ ይመጣል ወይ ካልን፣ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀው የከተሞች ውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት ከአዲስ አበባ ሌላ 22 ከተሞችን ያቀፈ ነው። የእነዚህ ከተሞች የፍሳሽ ሥራ ባብዛኛው ያተኮረው በመምጠጫ መኪናና መኪናው በሚደፋበት የዝቃጭ ማድረቂያ ላይ እንጂ በረጅም ቱቦ ላይ አይደለም። እኔ በበኩሌ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ይመስለኛል፤ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ግቢ ውስጥ የፈሰሰበት ሰው ስለ ማስ ስፔክትሮሜትር አይጨነቅም።

በአገራችን ቱቦ ያለበት ቦታ አዲስ አበባ ነው። የቃሊቲ ማጣሪያ ቀድሞ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ብቻ እንዲቀበል የተሠራ ሲሆን ተስፋፍቶ 100,000 ደርሷል። ብዙው ነዋሪ ገና ከመስመሩ ውጭ ቢሆንም፣ አንድ የተለካ ፍሰት ወደ አንድ በር የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው። በኮቪድ ጊዜ ተመራማሪዎች ከቃሊቲና ከኮተቤ ፍሳሽ ቀድተው ቫይረሱን ፈልገዋል። የፖሊዮ ክትትልም ከፍሳሽ ናሙና ሲወስድ ቆይቷል። ‘እንግዲህ ቫይረሱ ከተገኘ ዕፁም ይገኛል’ የሚል ሰው ያጋጥማል፤ ግን ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት። የፖሊዮ ሠራተኛ የሚጠይቀው ቫይረሱ አለ ወይስ የለም ብሎ ነው። አንድ ሊትር ከአንድ ቦይ ቀድቶ ካገኘው ደወሉን ይደውላል፤ ስንት ሊትር እንደፈሰሰ ማወቅ አያስፈልገውም። ስለዚህም ቱቦ በሌለበት ከተማ ከክፍት ቦይና ከወንዝ እየቀዳ መሥራት ይችላል። የዕፁ ቆጣሪ ግን ስንት ብሎ ይጠይቃል፤ ‘ስንት’ ያለ ፍሰትና ያለ ሕዝብ ቁጥር አይገኝም።

ፖን በአዋሽ እንድገመው ብንልስ? የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ጉድ ተሸክሞ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃ ላይ ይጠራቀማል፤ አዳማ የምትጠጣው ከዚያ በታች ነው። አዳማ ላይ የተቀዳ ውሃ ስለ አዳማ ሳይሆን ስለ አዲስ አበባ ያወራል፤ ያውም ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተኝቶ ከተረሳ በኋላ።

ወደ ሻሸመኔ እንመለስ፤ ነገ ቱቦ ቢዘረጋላት እንኳ ለዚህ ሒሳብ አትመችም። የ2007ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕዝብ ቆጠራ ከ100,000 ጥቂት የበለጠ ነዋሪ አግኝቶባት ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ በዝታለች። በየቀኑ በመናኸሪያው ወርዶ፣ ምሳ በልቶ፣ ሽንቱን ሸንቶ የሚሄደው ግን በየትኛውም ቆጠራ የለም። ሌሊቱን ያደረ የጭነት መኪና ሹፌር ሞያሌ ሊሆን ይችላል ቤቱ። ቁጥሩን በነዋሪ ስናካፍል የመንገዱን ሽንት ለከተማው እናስከፍለዋለን። አውሮፓውያን ይህን ለማስተካከል በፍሳሹ ውስጥ ያለውን አሞኒያ፣ አንዳንዴም ካፌይን ይለካሉ፤ ካፌይኑ ስንት ሰው እንደነበረ ይጠቁማል። እኛ ዘንድ በአቦል፣ በቶና፣ በበረካ የሚጠጣውንና በረከቦቱ ሥር የሚደፋውን አተላ ማን ለይቶ ሊቆጥር?

እውነቱን ለመናገር፣ በሻሸመኔ ፍሳሽ ውስጥ ጎልቶ የሚወጣው ጋንጃ ሳይሆን ጫት እንደሚሆን ለመናገር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የወንዶ ገነት ጫት ጎረቤት ነው። ሰው ‘አልቃይዳ’ ያላቸው አይሱዙዎች በዚህ መንገድ የሚከንፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ምርቃናውን የሚሰጠው ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ገንዘብ ነው። ካቲኖን ራሱ በሰው ሰውነት ውስጥ በአብዛኛው ወደ ኖርኤፌድሪን ተለውጦ ይወጣል፤ ካቲን ግን ባብዛኛው ሳይለወጥ ይወጣል። ችግሩ ኖርኤፌድሪን ከአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒትም ሊመጣ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ከኖርኤፌድሪን ይልቅ ስለ ጫት ምስክርነቱ የሚታመነው ካቲኖን ነው፤ እርሱ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይፈርሳል። በዓለም አቀፍ ሕግ እ.ኤ.አ. የ1971ዱ ስምምነት ካቲኖንን ይቆጣጠራል፤ ቅጠሉን ግን አልዘረዘረም። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ወንጀል የሆነው ይኸው ቅጠል ሻሸመኔ ላይ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ‘ሕገ ወጥ ዕፅ’ የሚለው ዝርዝር ከየትኛው አገር እንደተቀዳ ካልጠየቅን፣ የምንለካው የሰውን ልማድ ሳይሆን የሌላ አገርን ሕግ ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ የሚያጓጓኝ ሌላ ነው። የቃመ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ አለ። አልኮል ደግሞ በሽንት ኢትይል ሰልፌት የሚባል የራሱን አሻራ ይተዋል፤ በፍሳሽ ውስጥም ይለካል። በአንድ ቱቦ ጫፍ ላይ በየሰዓቱ ቢቀዳ፣ ከሰዓት በኋላ ካቲን ከፍ ሲል፣ ማታ ደግሞ ኢትይል ሰልፌት ተከትሎት ሲነሳ ይታይ ነበር ብዬ እገምታለሁ። በረመዳን ደግሞ መቃሙ ከመግሪብ በኋላ ስለሚሆን ግራፉ በሙሉ ወደ ሌሊት ይዞራል። የ24 ሰዓቱ ድምር ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይደፈጥጠዋል፤ ለእኛ ግን ጤናን የሚነካው ቅደም ተከተሉ ነው። መንገድ ላይ ካለ ሹፌር አንጻር ደግሞ ጥያቄው የሕይወት ነው።

አሁን የማይመች ነገር እናንሳ። እንበልና አንድ ሰው ከጃማይካ ሰፈር ካለ አንድ ትልቅ ሴፕቲክ ቀድቶ የካናቢስ ምልክት አገኘ። ዜናው ምን ይሆናል? ማንም የማያውቀውን ነገር አልተናገረም፤ ሰፈሩ የተለየ እምነት እንዳለው ይታወቃል። ግን ወሬ የነበረው ነገር በናኖግራም ተጽፎ ማስረጃ ይመስላል፤ ከመናኸሪያ የመጣውም፣ ከገጠር የተመረተውም በእነዚያ ሰዎች ስም ይመዘገባል። አብዛኞቹ እኮ ኢትዮጵያዊነት ሳይሰጣቸው አርጅተዋል፤ የመኖሪያ መታወቂያ ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአውስትራሊያው መርሐ ግብር የናሙና ቦታዎቹን በኮድ ይጠራቸዋል እንጂ ስማቸውን አያወጣም። የዘርፉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የሥነ ምግባር መመሪያ ስለ እስር ቤት፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ጠይቀዋል። ፍሳሽ ስም የለውም የሚባለው ብዙ ሰው ሲሆን ነው፤ ትንሽ ሰው ሲሆን ስም አለው።

የሥራ ቦታ ካልን፣ ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት የተሠራ ማጣሪያ አለው። በቴክኒክ ዓይን ካየነው በአካባቢው ለዚህ ሥራ ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ፍሰቱ የሚታወቅ፣ የሠራተኛው ቁጥር በየፈረቃው የተመዘገበ። በእኔ አስተያየት ፈጽሞ መነካት የሌለበትም እዚያው ነው። በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ፍሳሽ ለአሠሪ ቢነበብ፣ ሳይጠየቁ የተመረመሩ ያህል ነው፤ ፈረቃው እየታወቀ።

ቱቦ በሌለበት ከተማ የሚሆን፣ ያን ያህል የማያስፈራ ሥራ ግን አለ። በለንደን ተመራማሪዎች ማታ ማታ መንገድ ላይ ከሚቆሙ ተንቀሳቃሽ የወንዶች መሽኛዎች የተደባለቀ ሽንት ወስደው፣ አዳዲስ ሰው ሠራሽ ዕፆች አግኝተዋል። የማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ስንት ሰው እንደወሰደም አልተነገረም። የታወቀው ከተማው ውስጥ ምን እንደገባ ነው። ይህ የፖሊዮ ሠራተኛው ጥያቄ ነው፤ አለ ወይስ የለም? የሚመጣበት ሰው ብዙና ከየቦታው የሆነ እንደ መናኸሪያ ያለ የሕዝብ መጸዳጃ ለዚህ ይመቻል። ስሌቱን ያበላሸብን መንገደኛ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ስምን ይደብቃል፣ ከአራት አቅጣጫ የሚመጣውን ነገር በአንድ ቦታ ያሳያል።

የምፈልገውም ጋንጃን አይደለም፤ እሱ እንዳለ እናውቃለን። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚዋጠው ትራማዶል፣ በምዕራብና በሰሜን አፍሪካ ብዙ ችግር ያመጣው፣ እዚህ መንገድ ላይ ደርሷል? ከፋብሪካ የሚወጡ፣ ከጫቱ ካቲኖን ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ሰው ሠራሽ ዱቄቶችስ? መልካ ኦዳ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊት ራሱን ስቶ የመጣ ወጣት ሲቀበል፣ ተረኛው ሐኪም ‘ምን ወሰድክ?’ ብሎ ከመጠየቅ በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ወጣቱም፣ ያመጡት ጓደኞቹም ብዙ ጊዜ የወሰዱትን ስም አያውቁም። በዚያ ወር በከተማው ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግር አንድ ገጽ ወረቀት ለዚያ ሐኪም ከማንኛውም የሺህ ሰው ስሌት ይበልጥበታል። ለእርሱ የፍሰት መለኪያም የነዋሪ ቁጥርም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጠርሙስ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ የማይቀልጥ በረዶ፣ ናሙናው ከየት እንደተቀዳ ለፖሊስ የማይናገር ቤተ ሙከራና ውጤቱን ከስድስት ወር በኋላ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ወደ ሻሸመኔ የሚደውል ሰው ነው።